ሲሚንቶ በላኝ
ለኮንስትራክሽን ሙያ ሠልጣኞች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ

እስቲ እጃችሁን አውጡ። ሁላችሁም። መዳፉን አይደለም፣ ጀርባውን አሳዩኝ።

አመሰግናለሁ። ከፊት ያላችሁት አሳያችሁኝ። ከኋላ ካላችሁት ግን አንዳንዶቻችሁ እጃችሁን ቶሎ ወደ ኪስ መለሳችሁ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። አባቴም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

አባቴ ግንበኛ ነበር። ሠላሳ ዓመት ገደማ ግንብ ገንብቷል፣ ልስን ለስኗል። ለቅሶ ቤት ሲሄድ እጁን ከጋቢው አያወጣም። ሰው ሊጨብጠው ሲዘረጋለት አንጓውን ነበር የሚሰጠው። እጁ የቆሸሸ ወይም እየበላ ያለ ሰው እንደዚያ እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። አባቴ ግን እጁን ታጥቦም አንጓውን ነበር የሚሰጠው። ጣቶቹ መገጣጠሚያቸው ላይ ተሰነጣጥቀዋል። የእጁ ጀርባ ወፍሮ፣ ጠቁሮ፣ ሸካራ ሆኗል። ቤታችን አንድ ክፍል ስለነበር ሌሊት ሲያከው ሁላችንም እንሰማለን።

ሌላም ነገር ነበር። እናቴ ከቀይ ወጥ ይልቅ አልጫ ታዘወትር ነበር። ልጅ ሳለሁ ስለ በርበሬ ዋጋ ይመስለኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ ነው የገባኝ። በርበሬ የአባቴን የተሰነጠቁ ጣቶች ስለሚለበልባቸው ነው። እሱ አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም። ዝም ብላ አልጫ ትሠራለች።

«ምን ሆነህ ነው?» ሲሉት መልሱ አንድ ነበር፦ «ሲሚንቶ በላኝ።» ጎረቤቱ ግን የየራሱ ስም ነበረው። አንዱ ችፌ ነው ይላል፣ ሌላው ምች ነው ይላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሥጋ ደዌን ስም የሚያነሳም ነበር። ከዚያ በኋላ ቡና ላይ ስኒ የሚለዩለት ቤቶች እንደነበሩ አስታውሳለሁ።

እኔ ዛሬ የቆዳ ሐኪም ነኝ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አባቴ ትክክል እንደነበር ነው። በእርግጥም የበላው ሲሚንቶ ነው። ግን «ሲሚንቶ በላኝ» የሚለው አንድ አባባል ውስጥ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አሉ። አንዱ ይድናል። ሌላው አንዴ ከገባ አይወጣም። ይህን ልዩነት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ሁለተኛው በሽታ ከገባ በኋላ ወደ እኔ ብትመጡ ማስታገስ እችላለሁ እንጂ ወደ ነበራችሁበት ልመልሳችሁ አልችልም።

ከመጀመሪያው እንጀምር።

ሲሚንቶ ደረቅ ሳለ ዱቄት ነው። ውሃ ሲነካው ግን ከኖራ ጋር ዘመድ የሆነ ኃይለኛ አልካሊ ይፈጥራል። የአሲድና የአልካሊ መለኪያ ፒኤች ይባላል። የቆዳችን ላይኛው ክፍል 5 አካባቢ ነው፣ ማለትም ትንሽ አሲድነት አለው። የተቦካ ሲሚንቶ ከ12 በላይ ነው። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት አሥር እጥፍ ማለት ነው። ከ5 እስከ 12 ሰባት እርከን አለ። አሥርን ሰባት ጊዜ በራሱ አባዙት። አሥር ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል።

ክፋቱ ደግሞ ወዲያው አያምም። የፈላ ውሃ ቢነካችሁ ዘላችሁ ትሸሻላችሁ። እርጥብ ሲሚንቶ ግን ጊዜ ይሰጣል፣ እናንተም ታምኑታላችሁ። አንድ ወጣት ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ወለል ኮንክሪት እያስተካከለ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ተንበርክኮ ሠርቷል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ርሷል። ትንሽ ሞቅ ብሎኛል እንጂ ምንም አልተሰማኝም አለኝ። ምሳውን በላ፣ በዚያው ሱሪ እስከ ማታ ሠራ። ማታ ሱሪውን ሲያወልቅ የጉልበቱ ቆዳ አብሮ መጣ። ከሥሩ ያለው ጠቁሯል። ሁለት ወር ተኛ፣ ከሌላ የሰውነቱ ክፍል ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈለት። ጉልበቱ ላይ ጠባሳው አለ። ግን ድኗል። ዛሬም ይሠራል። እርጥብ ሱሪ ለብሶ ግን አይንበረከክም።

ይህ መቃጠል ነው። ማንም ሰው ላይ ይደርሳል። ሲሚንቶው በበዛና በቆየ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። ሲርቅ ይድናል። ቆዳውን አድርቆ፣ አሳስቶ፣ ሰንጥቆ ስለሚተወው ግን ለሁለተኛው በር ይከፍትለታል።

ሁለተኛው ክሮሚየም ነው።

ክሮሚየም ብረት ነው። የመኪና መከላከያን፣ የውሃ ቧንቧን የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። በሲሚንቶ ውስጥ ምን ይሠራል? ማንም አውቆ አልጨመረውም። ሲሚንቶ የሚሠራበት የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር በተፈጥሯቸው ጥቂት ክሮሚየም አላቸው። የምድጃው ጡብ፣ እንዲሁም ክሊንከር የሚባለውን ከምድጃው የሚወጣ ጓል የሚፈጩት የብረት ኳሶች ሊጨምሩበት ይችላሉ። ድንጋዩና አፈሩ ወደ 1450 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ያልፋሉ። እዚያ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀትና በዚያ አልካሊ፣ ከክሮሚየሙ የተወሰነው ጠባዩን ይለውጣል። ከባለ ሦስት ወደ ባለ ስድስት ይለወጣል።

ቁጥሮቹን ኬሚስቶች ይጨነቁባቸው። ለእናንተ ልዩነቱ እንዲህ ነው። ባለ ሦስት ክሮሚየም ቆዳ ላይ ቢቀመጥ ብዙም ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ባለ ስድስቱ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ቆዳን አልፎ ይገባል። ውስጥ ከገባ በኋላ ሰውነታችን ወደ ባለ ሦስት ይመልሰዋል። ችግሩ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ባለ ሦስቱ ከቆዳችን ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። የራሳችን የነበረው ፕሮቲን ክሮሚየም ሲለጠፍበት መልኩ ይቀየራል። ሰውነታችን ያንን የተቀየረ መልክ ያይና እንግዳ ነው ይላል።

የሰፈር ዘበኛን አስቡ። ሌባን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ሌባ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። አንዴ ለይቶ ካወቀው ግን መልኩን አይረሳም። ያ ሰው ከዓመት በኋላ ቢመለስም ዘበኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ሰፈሩ በሙሉ ዱላ ይዞ ይወጣል። በደማችን ውስጥ ያሉት ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች እንደዚያ ናቸው። ክሮሚየምን አንዴ ከያዙት አይረሱትም። ሕይወታችሁን በሙሉ። ያ ሁሉ ማሳከክ፣ ማበጥ፣ ውሃ መቋጠርና መላላጥ የሰፈሩ ሰው ዱላ ይዞ መውጣቱ ነው። የሚደበደበው ግን የእናንተው ቆዳ ነው። አለርጂ የምንለው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ቀስ ብዬ ልናገር።

አንደኛው፦ «አሥር ዓመት ከሲሚንቶ ጋር ኖሬያለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ዛሬ ሲሚንቶ ነው ልትለኝ ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ ልል ነው። ዘበኛው ሌባውን የሚለይበት ቀን አይታወቅም። ለአንዱ በወራት ውስጥ ይመጣል፣ ለሌላው ከብዙ ዓመት በኋላ። አሥር ዓመት ምንም አለመሆን ዋስትና አይደለም።

ሁለተኛው፦ አለርጂው ወዲያው አይነሳም። ሰኞ ሲሚንቶ ይነካል፣ ማሳከኩ ማክሰኞ ማታ ወይም ረቡዕ ይመጣል። ሰውየው ረቡዕ ዕለት ሴራሚክ ሲሸከም ከዋለ «ሴራሚኩ ነው» ይላል። ሳሙና ከቀየረ ሳሙናውን ይከሳል። ሚስቱ አዲስ ዘይት ከገዛች ዘይቱን ይከሳል። ሲሚንቶውን ግን አይጠረጥርም፣ የዕለት እንጀራው ነዋ።

አባቴ ለበዓል አገር ቤት ሲሄድ እጁ ይሻለው ነበር። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ሲመለስ ቁስሉ ደርቆ፣ ስንጥቁ ገጥሞ እናየዋለን። «የአገሬ ውሃ ነው ያዳነኝ» ይል ነበር። ሁላችንም አመንን። ሥራ ሲጀምር በሳምንቱ ይመለሳል። «የከተማ ውሃ አይስማማኝም» ይላል። ዛሬ አንድ ሰው እጁን ይዞ ፊቴ ሲቀመጥ ከምጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ ለበዓል አገር ቤት ስትሄድ እንዴት ይሆናል? ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝስ? መልሱ «ይሻለኛል፣ ስመለስ ይነሳብኛል» ከሆነ፣ እጁን ሳልነካ ግማሹን አወቅኩ ማለት ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ሐኪሞች ከሚጠይቁት ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ መክሮ ነበር፦ «ሥራህ ምንድን ነው?» ይህ ከተባለ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ልሰና የሚሠራ ሰው መጣብኝ። ሥራውን ሳልጠይቀው የፈንገስ ቅባት አዘዝኩለት። አልሻለውም፣ ተመለሰ። ሌላ የፈንገስ ቅባት አዘዝኩለት። ለሦስተኛ ጊዜ አልመጣም። ያ ሰው አሁንም ትዝ ይለኛል። ገንዘቡን ለሁለት ቱቦ ቅባት ከፍሎ፣ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ የሄደው እኔ አንድ ጥያቄ ባለመጠየቄ ነው።

የክሮሚየም ታሪክ ከሲሚንቶ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1827 በስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ ዊልያም ኩሚን የሚባል ሐኪም ባይክሮሜት ከሚባል የክሮሚየም ውህድ ጋር በሚሠሩ ሰዎች እጅ ላይ ያየውን ቁስል ጽፎ አሳተመ። ቁስሉ ክብ ነው፣ ጠርዙ የተነሳ ነው፣ መሐሉ የተቦረቦረ ነው። ብዙም አያምም፣ ግን ወደ ውስጥ ይቆፍራል። ሠራተኞቹ የክሮም ቀዳዳ ይሉት ነበር። ይህ አለርጂ አይደለም፣ ክሮሚየሙ በቀጥታ ሥጋውን ሲበላው ነው።

ከዚያው ከግላስጎው አጠገብ ራዘርግሌን የሚባል ቦታ ላይ ትልቅ የክሮሚየም ፋብሪካ ነበር። ምርቱ ለቀለምና ለቆዳ ማልፊያ ይውላል። ሠራተኞቹ በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት ሰባት ቀን ይሠሩ ነበር። አቧራው ከእጅ አልፎ አፍንጫ ይገባል፣ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየውን ግድግዳ ይበሳዋል። የፋብሪካው ባለቤት ሎርድ ኦቨርተን ለሃይማኖት ሥራ ብዙ የሚሰጥና ሰንበት ይከበር እያለ የሚሟገት ሰው ነበር። የእሱ ሠራተኞች ግን እሑድም ምድጃው አጠገብ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1899 የሠራተኞች መሪ የነበረው ኪር ሃርዲ ጉዳዩን አደባባይ አወጣው፣ አገር ተንጫጫ። ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ቢሆነውም አካባቢው የተቀበረው ዝቃጭ አሁንም አለ። በቅርብ ዓመታት እንኳ በዚያ የሚያልፍ ጅረት ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ታይቷል።

ይህን ያነሳሁት ምክንያት አለኝ። የዚያን ዘመን ሠራተኛ አፍንጫው ተበስቶ እያለ ነገሩ የሥራው ጠባይ ተደርጎ ይታይ ነበር። «ሥራው ነው፣ ምን ይደረግ?» እኛም ሳይት ላይ የምንለው ይህንኑ ነው። እጁ ያልተሰነጠቀ ግንበኛ ገና ጀማሪ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የተሰነጠቀ እጅ የሙያ ምስክር ወረቀት አይደለም። የጉዳት ምልክት ነው።

አሁን አለርጂው እንዴት እንደሚታወቅ ላሳያችሁ። ፓች ቴስት ይባላል። ዘዴውን ያስጀመረው ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ያዳሶን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1895። ለሥልጠና ውጭ አገር በሄድኩበት ክሊኒክ በየሳምንቱ አየው ነበር። ሰውየው ሸሚዙን አውልቆ ጀርባውን ይሰጣል። ነርሷ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጡ ትንንሽ የአሉሚኒየም ሳህኖች የተደረደሩበት ፕላስተር ታዘጋጃለች። በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ትንሽ ቫዝሊን ትጨምራለች። በአንዱ ውስጥ ኒኬል አለ፣ በሌላው ኮባልት፣ በሌላው ሽቶ፣ በሌላው የጎማ ኬሚካል። አንዱ ቢጫ ነው። እሱ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ነው፣ ማለትም ባለ ስድስቱ ክሮሚየም፣ ከመቶ ግማሽ እጅ ብቻ። ፕላስተሩ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ሁለት ቀን ይቆያል። መታጠብ የለም፣ ላብ የሚያመጣ ሥራ የለም። በሁለተኛው ቀን ይነሳና ይታያል፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እንደገና ይታያል።

አንድ ሽማግሌ ኮንክሪት ሠራተኛ ነበሩ። በአራተኛው ቀን ጀርባቸውን ሲያዞሩ በቢጫው ቦታ ላይ ክብ፣ ቀይ፣ ያበጠ፣ ጥቃቅን ውሃ የቋጠረ ምልክት ነበር። ሌላው ቦታ ሁሉ ንጹህ ነው። ሐኪሟ መስታወት ይዛ አሳየቻቸው። ሰውየው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ እኔ ንጽሕና ጎድሎኝ አልነበረም» አሉ። እሳቸውም ለካ ዕድሜ ልካቸውን ጥፋቱ የራሳቸው እየመሰላቸው ነው የኖሩት። እኔ ያኔ አባቴን ነው ያሰብኩት። ይህ ምርመራ ቢደረግለት ኖሮ ስኒ የሚለዩለትን ሰዎች ጀርባውን አሳይቶ ዝም ያሰኛቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1950 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሲሚንቶ ችፌ የተያዙ ሠራተኞች በዚህ መንገድ ተመርምረው ከሞላ ጎደል ሁሉም ለክሮሚየሙ ምላሽ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ጥፋተኛው ታውቋል። ሆኖም እርምጃ እስኪወሰድ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

እርምጃው ምን መሰላችሁ? ፌረስ ሰልፌት። ደም ማነስ ላለበት ሰው ፋርማሲ የሚሰጠውን የአይረን ኪኒን ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ይኸው ነገር ነው። በጥቂቱ ሲሚንቶው ውስጥ ሲደባለቅ፣ ውሃ ሲነካው ባለ ስድስቱን ክሮሚየም ወደ ባለ ሦስት ይመልሰዋል። ባለ ሦስቱ በዚያ አልካሊ ውስጥ አይሟሟም፣ ቆዳም አልፎ አይገባም። የሲሚንቶው ጥንካሬ አይጓደልም። ማጣሪያ ማሽን አያስፈልግም። ፌረስ ሰልፌቱ ራሱ ከሌሎች ፋብሪካዎች የሚተርፍ ርካሽ ነገር ነው።

ዴንማርኮች እ.ኤ.አ. በ1981 መጨመር ጀመሩ፣ በ1983 ሕግ አደረጉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኮንክሪት ፋብሪካዎቻቸው የሚሠሩ ሰዎች ሲመረመሩ፣ ከመቶ ዘጠኝ ገደማ የነበረው የክሮሚየም አለርጂ ወደ አንድ ገደማ ወርዶ ነበር። ፊንላንድና ስዊድን ተከተሉ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2005 ጀምሮ በውሃ የሚሟሟ ባለ ስድስት ክሮሚየሙ ከሚሊዮን ሁለት እጅ የሚበልጥ ሲሚንቶ በእጅ ለሚነካ ሥራ እንዳይሸጥ ከለከለ። ፌረስ ሰልፌት ሲቆይ ኃይሉ ስለሚደክም ከረጢቱ ላይ የታሸገበት ቀንና ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ይጻፋል።

እኛ ከጣሊያን ዘመን የድሬዳዋ ፋብሪካ ጀምሮ ሲሚንቶ ስናመርት ኖረናል። ዛሬ ሙገር፣ መሰቦ፣ ደርባ፣ ለሚ እያልን በኩራት እንቆጥራለን። ደስ ይለኛል። ነገ ከመካከላችሁ ፎርማን የሚሆን አለ፣ ሲሚንቶ ገዢ የሚሆን አለ፣ ፋብሪካ የሚቀጠርም አለ። ስለ ጥንካሬው ስትጠይቁ ይህንንም ጠይቁ፦ ክሮሚየሙ ስንት ነው? ተቀንሷል ወይ? ገዢ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ነገር ሻጭ ማወቅ ይጀምራል።

አንድ ቃል ላይ ልቁም። ቆዳ። በእኛ ቋንቋ የሰውም ቆዳ ነው፣ የበሬውም ቆዳ ነው፣ የጫማውም ቆዳ ነው። ለክሮሚየምም አንድ ናቸው። ሞጆ ሄዳችሁ የቆዳ ፋብሪካ ብታዩ ዌት ብሉ የሚባል ሰማያዊ እርጥብ ቆዳ ተቆልሎ ታገኛላችሁ። ሰማያዊ ያደረገው ክሮሚየም ነው። እርጥብ ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ክሮሚየም ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ስለሚተሳሰር ነው። ያ የመተሳሰር ጠባይ ነው በእኛም ቆዳ ውስጥ አለርጂውን የሚያመጣው። አብዛኛው የዓለም የቆዳ ጫማና ጓንት በዚህ መንገድ የለፋ ነው። በለፋው ቆዳ ውስጥ ያለው ባለ ሦስቱ ነው። ነገር ግን አለፋፉ ጥሩ ካልሆነ፣ ወይም ቆዳው ሲሞቅና ሲያረጅ፣ የተወሰነው ወደ ባለ ስድስት ሊለወጥ ይችላል። አለርጂው አንዴ ከገባ ደግሞ ከላብ ጋር የሚወጣው ጥቂት ክሮሚየም ይበቃዋል። አውሮፓ ከ2015 ጀምሮ ለቆዳ ዕቃም ገደብ አበጅቷል።

ስለዚህ ሲሚንቶ ለበላው ሰው «የቆዳ ጓንት አድርግ» ብሎ መምከር እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። በቅንነት እንደዚያ የሚመክሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ኒኬልና ኮባልትን በአጭሩ ላንሳ። ኒኬል ከሁሉም ብረቶች ብዙ ሰው ላይ አለርጂ የሚያስነሳው ነው። የቀበቶ ዘለበት ከእምብርት ሥር የሚያመጣውን ክብ ሽፍታ አይታችሁ ይሆናል። አርቲፊሻል ጉትቻ ጆሮዋን የሚያቆስላት እህትም አትጠፋም። እሱ ነው። በልጅነቷ በጉትቻ የተያዘች ሴት ብረት ቅብ ፋብሪካ ብትቀጠር እጇ ይነሳባታል። ኮባልት ደግሞ ጠንካራ የመቁረጫ ብረቶችን በሚስሉ ሰዎች ላይ ይታያል፣ በሲሚንቶም ውስጥ በጥቂቱ አለ፣ ብዙ ጊዜም ከክሮሚየም ጋር አብሮ ይመጣል። ከእናንተ ብየዳና ብረታ ብረት የምትማሩ ካላችሁ ይህን ያዙ።

ወደ እጃችሁ ልመለስ። ነገ ሳይት ስትገቡ ምን ታደርጋላችሁ?

ከሁሉም በፊት ውሃ። ንጹህ፣ የሚፈስ ውሃ። አካፋና ባልዲ የታጠበበት በርሜል ውስጥ እጅ መንከር መታጠብ አይደለም፣ ያ ውሃ ራሱ የሲሚንቶ ውሃ ነው። ሳይቱ ቧንቧ ከሌለው ለእጅ ብቻ የሚሆን ጄሪካን ለዩ፣ ክዳኑን ብሱት፣ ሰቅላችሁ እያንጠባጠባችሁ ታጠቡ። ከምሳ በፊት፣ ከሻይ በፊት፣ ከሥራ በኋላ። በነዳጅ መታጠብ ይቅር። በኦሞ መፈተግም ይቅር። ሁለቱም ሲሚንቶው የጀመረውን ይጨርሱለታል።

ጓንት ስትገዙ ደግሞ አስቡበት። የጨርቅ ጓንት ሲሚንቶውን ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ እጃችሁ ላይ ያቆየዋል፣ ከባዶ እጅ የሚብስበት ጊዜ አለ። የሚሻለው ውጪው በናይትራይል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ወይም በጎማ የተለበጠ፣ አንጓን የሚሸፍን ነው። እጃችሁን ታጥባችሁና አድርቃችሁ ብቻ አስገቡ። ውስጡ ሲሚንቶ ከገባ አውልቃችሁ እጠቡት፣ ካልታጠበ ጣሉት። ቦቲ ጫማ ላይም እንደዚያው ነው፤ የሱሪው እግር ከቦቲው ውጪ ይሁን፣ ኮንክሪት በላይ በኩል እንዳይገባ። ሱሪ ከረሰ ያኔውኑ ይቀየር፣ ማታን አትጠብቁ። ቅያሪ ሱሪ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ማታ ደግሞ እጃችሁን ቫዝሊን ቀቡ። ቫዝሊን ክሮሚየምን አያቆምም፣ ግን ስንጥቅ የሌለው ቆዳ ጥሩ አጥር ነው።

ጓንቱን ማን ይግዛ? ይህን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ እየጠየቃችሁኝ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብንና ሠራተኛውን ስለ አደጋው ማስተማርን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ሥራው ያመጣውን በሽታም ሕጉ ያውቀዋል። የወረቀቱና የሳይቱ ርቀት ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። የቀን ሠራተኛ ጓንት ስጡኝ ብሎ ሲጠይቅ ነገ አትምጣ ሊባል እንደሚችልም አውቃለሁ። ለዚህ ነው እናንተን የምለምነው። እናንተ ሰርተፊኬት ይዛችሁ ነው የምትገቡት፣ ቃላችሁ ከቀን ሠራተኛው ቃል በላይ ይሰማል። ስትጠይቁ ለባሬላ ተሸካሚውም ጭምር ጠይቁለት። ሲሚንቶውን በእጁ የሚያቦካው እሱ ነው።

እጁ የጀመረው ሰው ካያችሁ ደግሞ ፋርማሲ እየዞረ ኃይለኛ ቅባት እየገዛ ለወራት እንዳይቀባ ንገሩት። እንዲህ ያለ ቅባት በሐኪም እጅ ለጥቂት ጊዜ ጠቃሚ ነው፣ ያለ ልክ ከሆነ ቆዳውን ያሳሳዋል። ቶሎ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ፣ ሥራውንም ሳይጠየቅ ይናገር። ቶሎ የመጣ ሰው ሥራውን ሳይተው የሚጠብቅበት መንገድ ይኖራል። ዘግይቶ የመጣው ግን ሥራውን ትቶም ላይድን ይችላል።

ንግግሬን ስጨርስ ጥያቄ ተጠየቅኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሠልጣኝ ተነሳች። እጃቸውን ኪሳቸው ከከተቱት መካከል አልነበረችም።

«ዶክተር፣ የእኔም አባት ግንበኛ ነበር» አለችኝ። «እጁ እንደነገሩን ነበር። ሥራውን ከተወ ስድስት ዓመት ሆነው፤ አሁን ጥበቃ ነው። እጁ ተሽሎታል። እግሩ ግን እስከ ዛሬ አልዳነም። ከላይ፣ ጣቶቹ ላይና እግሩ ጀርባ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ሲሚንቶ እኮ አይነካም።»

«ጫማው ምን ዓይነት ነው?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ለጥበቃ ሥራ የተሰጠው ነው። ጥቁር ቦት ጫማ። ቆዳ።»

አዳራሹ ዝም አለ። እሷም እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ማክሰኞ ጠዋት ይዘሽው ነይ አልኳት። እስከዚያ ሸራ ጫማ ያድርግ፣ ቦቱን ደግሞ በፌስታል ይዛችሁልኝ ኑ።